ምዕራፍ ሰባት፦ ወንዙን ይዞ መውረድ፣ ዳገቱን አብሮ መውጣት

ከኮተቤ ተነስቶ በብስክሌት የአንድ ቀን ጉዞ የሚያስብ ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ነው። በሚኒባስ ለሚሄድ ሰው ከመገናኛ ላምበረት፣ ከላምበረት ኮተቤ፣ ከኮተቤ ካራ ያው አንድ አስፋልት ነው፤ ሽቅብ መሆኑ ትዝ የሚለው ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ቢሆን ነው። በፔዳል የሚሄድ ሰው ግን እያንዳንዷን ሜትር ከጉልበቱ ይከፍላል። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ከተራራው እጀምራለሁ።

ከኮተቤ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የሚታየው፣ ባሕር ዛፍ የለበሰው የተራራ ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በጀርባው፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ዝናብ ከሙገር ጋር ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በእኛ በኩል የሚወርደው በቀበናና በሌሎች ጅረቶች አድርጎ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ የአፋርን ምድር አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ጫካ ላይ የወደቁ ጠብታዎች በጥቂት እርምጃ ልዩነት እንዲህ ይለያያሉ።

ከዚህ ለብስክሌተኛው የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። ኮተቤ ከተራራው ሥር፣ ከወንዞቹ መነሻ አጠገብ ስለሆነ ውሃው ሁሉ ከሰፈሩ ይሸሻል። የትኛውንም ወንዝ ይዘው ቢወርዱ ጠዋት ቁልቁለት፣ ከሰዓት በኋላ ዳገት ነው። ባሕር ዳር ለሚነዳ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ብስክሌት እዚያ የተማሪውም የሠራተኛውም መጓጓዣ ሆኖ የኖረው አንድም ለዚህ ነው። ሐዋሳም እንዲሁ። አዲስ አበባ ግን እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆና አቃቂ ሜዳ ላይ 2,100 ሜትር ገደማ የምትደርስ ከተማ ናት። በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁልቁለት አለ ማለት ነው።

ስለዚህ የኮተቤ ቡድን ጉዞውን የሚያቅደው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። «የት እንሂድ?» ከሚለው በፊት «ከየት እንመለስ?» የሚለው ይጠየቃል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ ይህ ምዕራፍ በሙሉ የተጻፈውም ለእሱ ነው፦ ከመካከላችን በጣም የሚደክመው ሰው ያንን ዳገት እንዴት ይወጣዋል?

ለቡድን ጉዞ የቅርቡ ወንዝ ቀበና ነው። ከእንጦጦ ይነሳል፤ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወርዶ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደውን መንገድ ቀበና ድልድይ ላይ ያቋርጣል። ከኮተቤ የሚነሱ ሰዎች ሁለት ምርጫ አላቸው። አንደኛው በላምበረት ወርዶ፣ በመገናኛ፣ በሾላና በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ ድልድዩ ላይ መድረስ ነው። ሁለተኛው በተራራው ጥግ፣ በጉራራ በኩል ወደ ፈረንሳይ መሻገር ነው፤ ይህኛው አቀበትና ቁልቁለቱ የበዛ ስለሆነ ወፍራም ጎማና ጥሩ ፍሬን ላለው እንጂ ለጀማሪ አይመከርም።

ይህ መስመር ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቡድን ጉዞ የሚታሰብ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በሚወርዱት ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት፣ በ29 ቢሊዮን ብር ወጪ የታሰበ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ በጫካው ውስጥ የብስክሌት መንገድም ተበጀ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከአራት ኪሎ መገናኛ ያለው መንገድ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ሆነ፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መሄጃም ይዞ መጣ። ወንዝ ዳር የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ለዚህ ሥራ ሰፈራቸውን ለቀዋል። በተስተካከለው ዳርቻ ላይ በደስታ የሚነዳ ሰው ይህንንም አብሮ ማስታወስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ወንዙ ራሱ ግን ገና አልዳነም። የአዲስ አበባ ወንዞች ለብዙ ዓመታት የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ መሄጃ ሆነው ኖረዋል። ብስክሌተኛ ይህን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ከላይ፣ ከጫካው ጥግ ላይ አየሩ ባሕር ዛፍና እርጥብ አፈር ይሸታል፤ ድንጋዩ በውሃው ውስጥ ይታያል። ጥቂት ወርዶ ቤቶቹ ሲጠጋጉ ሳሙና ሳሙና ይላል። ዝቅ ሲል ድንጋዩ አይታይም፤ ውሃው ይጠቁራል፤ በድልድዩ ሥር ፌስታል ከቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ ጎርፉ የት ድረስ ከፍ እንዳለ ያሳያል። በመኪና የሚያልፍ ሰው መስኮት ይዘጋል። ብስክሌት ላይ የሚዘጋ መስኮት የለም፤ እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጥቅም አያለሁ። ያው ውሃ ወደ አቃቂ ወርዶ የጎመንና የሰላጣ እርሻ ስለሚጠጣ፣ ሽታውን ዘግቶ ማለፍ ለማናችንም አይበጅም። ለጉዞው የሚሆነው ምክር ግን አጭር ነው፦ በወንዙ ውሃ ኮዳ አይታጠብም፣ ቁስልም አይታጠብም።

የክረምቱ ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። የእነዚህ ወንዞች ተዳፋት አጭርና ቁልቁል ነው፤ ከታች ደግሞ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና አስፋልት ውሃውን ወደ መሬት አያሰርገውም። እንጦጦ ላይ የጣለ ዝናብ ቀበና ድልድይ ላይ ፀሐይ እየወጣ እንኳ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ተራራው ከጠቆረ ቡድኑ ወንዝ ዳር አያርፍም፤ ከዳርቻው ወጥቶ ዋናውን መንገድ ይይዛል። «እዚህ እኮ አልዘነበም» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አታሏል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጧል እንበል፤ ድምሩ 85 ኪሎ ነው። ከጉዞው ዝቅተኛ ቦታ ተነስቶ 300 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 250 ኪሎ ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ ሩብ ያህሉን ብቻ ነው ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው፤ የቀረው ሙቀትና ላብ ይሆናል። ስለዚህ ለዚያ ዳገት ሰውነቱ የሚያወጣው ወደ 240 ካሎሪ ነው። ይህ ብዙ አይደለም፤ አንድ ደህና ቁርስ ይሸፍነዋል።

ሰውን የሚጥለው እንግዲህ የሥራው መጠን አይደለም። የሚጥለው የሚሠራበት ጊዜ ማጠር ነው። ያንኑ 300 ሜትር በግማሽ ሰዓት የሚወጣ ሰው በአማካይ ወደ 140 ዋት ማውጣት አለበት፤ በአንድ ሰዓት የሚወጣው 70 ዋት ይበቃዋል። ተራራው ከሁለቱም የሚወስደው እኩል ነው። ጀማሪው በግማሽ ሰዓት ከሚወጡት ጋር ልሂድ ሲል ልቡ ይመታል፣ እግሩ ይዝላል፣ መሀል ላይ ይወርዳል፤ በአንድ ሰዓት ሲወጣው ግን እያወራ ይወጣዋል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች «ማውራት እስክትችል ድረስ ቀንስ» የሚሉት። ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ያቃተው ሰው ፍጥነቱ ከአቅሙ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

በኮተቤ ከፍታ ይህ ምክር ሌላ ክብደት አለው። ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ ሠላሳ በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ አለ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው አካሉ ለምዶታል፤ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ቡድኑን የተቀላቀለ እንግዳ ግን ጉልበት ሳይጎድለው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። «ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል።

ሌላው ረዳት ማርሽ ነው። በብዙ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ከፊት ትንሹ ማርሽ 22 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ጥርስ አለው። ካቴናው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አይሞላም፤ ብስክሌቱ የሚሄደው 1.3 ሜትር ገደማ ነው። በትልቁና በፈጣኑ ማርሽ፣ ከፊት 44 ከኋላ 14 ላይ፣ በአንድ ዙር 6 ሜትር ተኩል ይሄዳል። በዳገት ላይ ይህ ትልቁ ማርሽ ጉልበት ይሰብራል፤ የብዙ ጀማሪ ችግርም እዚህ ነው፦ ሜዳ ላይ በነዳበት ማርሽ ዳገቱን ይጀምርና ከባድ ሲሆንበት ብቻ ለመቀየር ይሞክራል። በዚያን ጊዜ ካቴናው ተወጥሮ ይንጓጓል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር፣ እግር ገና ቀላል ሳለ ነው።

ቁልቁለቱ የራሱ ሕግ አለው። ከእንጦጦ ጥግ ተነስቶ 500 ሜትር ወደ ታች የሚወርደው ያው 85 ኪሎ ወደ 415 ኪሎ ጁል ይለቃል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ በዝግታ በፍሬን ለሚወርድ ሰው ግን አብዛኛው ቸርኬና ፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል። ያ ሙቀት ተሰብስቦ ቢገኝ አንድ ሊትር ውሃ ለቡና አፍልቶ ይተርፈዋል። ስለዚህ ፍሬኑን ሳይለቁ እስከ ታች መውረድ ስህተት ነው። ጠበቅ፣ ለቀቅ እያደረጉ፣ ሁለቱንም ፍሬን እየተጠቀሙ፣ መሀል ላይ ቆም ብለው እያበረዱ መውረድ ይሻላል። ከፊት ካለው ሰው ጋር ያለው ርቀትም መስፋት አለበት። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል፤ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 10 ሜትር አልፏል።

በዚህ ጊዜ ቡድኑን የሚያድነው ድምፅ ነው። ከፊት ያለው «ጉድጓድ!» ይላል፤ ሁለተኛው ይደግመዋል፤ ሦስተኛው ይደግመዋል፤ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። ከኋላ ደግሞ «መኪና!» ይመጣና ወደ ፊት ይሄዳል። የመጀመሪያው ሰው ጉድጓዱን አይቶ ዝም ብሎ ዞር ካለ ከኋላው ያለው፣ የፊተኛውን ጀርባ እንጂ መንገዱን የማያይ ሰው፣ ገብቶበት ይወድቃል። ከሾላ ገበያ አካባቢ ሚኒባስ ድንገት ሲቆም፣ በር ሲከፈት፣ አህያ ሲሻገር ይህ ጥሪ ከማንኛውም ደወል ይበልጣል።

ስለ ነፋስ ብዙ የሚወራው የእሽቅድምድም ነገር ስለሆነ ነው፤ ለቀን ጉዞም ግን ይጠቅማል። የአየር ግጭትን ለማሸነፍ የሚፈለገው ኃይል ከፍጥነት ጋር በጣም በፍጥነት ያድጋል፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ቡድን ውስጥ ከሰው ኋላ መጠለል ያን ያህል አያተርፍም። በ30 ኪሎ ሜትር ግን ትርፉ ብዙ ነው። በኔዘርላንድ፣ በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቤልጅየማዊው ቤርት ብሎከን ከባልደረቦቹ ጋር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት 121 ጋላቢዎች ባሉበት ጥቅጥቅ ያለ የውድድር ቡድን ውስጥ ከመሀል ወደ ኋላ ያለ ሰው የሚገጥመው የአየር ግጭት ብቻውን ከሚነዳ ሰው ከ5 እስከ 10 በመቶው ብቻ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። የእኛ ከፍታም ይረዳል፤ የሳሳ አየር ትንፋሽ ቢያሳጥርም ግጭቱም ያንሳል። ቤልጅየማዊው ኤዲ ሜርክስ በ1972 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን የሰበረው ሜክሲኮ ሲቲን መርጦ ሄዶ ነው፤ ያቺ ከተማ ደግሞ ከኮተቤ ዝቅ ትላለች።

ይህን በዓይን ለማየት ከካራ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ የሚወጣውን የደሴ መንገድ መያዝ ነው። ይህም ወደ ወንዝ መሄድ ነው፦ የአዲስ አበባን ውሃ ከሚመግቡት ግድቦች አንዱ የሆነው ለገዳዲ በዚህ አቅጣጫ ነው፤ ጅረቶቹም የትልቁ አቃቂ መነሻዎች ናቸው። ካራን አልፎ ቁልቁለቱን ከወረዱ በኋላ ሜዳው ይሰፋል፤ ጤፉና ስንዴው ግራና ቀኝ ይታያል። በበጋ ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሆነ ወደ ሰንዳፋ የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ይቀበለዋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ 15 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከገጠመው ለአየሩ ብቻ የሚያወጣው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ጠንካሮቹ ተራ በተራ ፊት እየሆኑ ደካማውን መሀል የሚያደርጉት። ሲመለሱ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋል፤ የካራን አቀበትም ያቀልላል። ለኮተቤ ቡድን ከቀበና መስመር ይልቅ ይህኛው ደግ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሲኖትራኩ ግን ብዙ ስለሆነ በማለዳ መሄድና በአንድ ሰልፍ መሆን ግድ ነው።

ለሌላ ሰው ነፋስ መቀበል በሙያም ያለ ሥራ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በላምፕሬ-ሜሪዳ ቡድን ውስጥ ሆኖ ነበር። በሙያ ዘመኑ ብዙውን ጊዜ የሠራው የረዳት ጋላቢን ሥራ ነው፦ ለቡድኑ መሪ ነፋስ መከለል፣ ከቡድኑ መኪና ውሃ ማምጣት፣ በተራራ ላይ ፍጥነት መያዝ። ቴሌቪዥኑ አሸናፊውን ሲያሳይ ይህ ሥራ ብዙም አይታይም። ልዩነቱ በውድድር የሚጠለለው ጠንካራው መሆኑ ነው። በእሑድ ጉዞ የሚጠለለው ደካማው ነው፤ እኔም የእሑዱን አበልጣለሁ።

ኮተቤ ውስጥ ይህን ትምህርት ለመቅሰም ብስክሌት አያስፈልግም። የየካና የእንጦጦ ዳገቶች የሯጮች መንደር ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ በካራ መንገድ ላይ ተሰልፈው የሚሮጡ ወጣቶች ይታያሉ። ማይክል ክራውሊ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በእነዚሁ ሯጮች መካከል 15 ወር ያህል ኖሮ፣ አብሯቸው ሮጦ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አሳትሟል። ከታዘባቸው ነገሮች አንዱ እዚህ ብቻን መሮጥ እንደማይወደድ ነው። ለጤና የሚሮጥ ብቻውን ይሮጥ ይሆናል፤ ለመለወጥ የሚፈልግ ግን ከሰው ጋር ይሮጣል። በጫካው ውስጥ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ የእሱን እግር እያዩ በዛፎቹ መሀል ይጠማዘዛሉ፤ መሪነቱም ይዞራል። የሚከተለው ሰው ስለ ፍጥነት አያስብም፤ ሐሳቡን ለፊተኛው ሰው አስረክቦ ትንፋሹን ብቻ ይጠብቃል።

ብስክሌተኛም ዳገት ላይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የፊተኛው ጎማ እኩል ሲሄድ የኋለኛው ያርፋል። የፊተኛው አንዴ ሲሮጥ አንዴ ሲዘገይ ግን ከኋላ ያለው እጥፍ ይደክማል፦ ክፍተቱን ለመዝጋት ይሮጣል፣ ወዲያው ፍሬን ይይዛል፣ እንደገና ይሮጣል። ሃያ ሰው ባለበት ሰልፍ ላይ የመሪው ትንሽ መጣደፍ መጨረሻ ላይ ትልቅ ሩጫ ይሆናል። ስለዚህ መሪ የሚመረጠው ከጉልበተኞቹ መሀል ቢሆንም በጉልበቱ አይመረጥም፤ አንድ ፍጥነት ይዞ መቆየት በመቻሉ ነው። ደጀን ሆኖ ከኋላ የሚነዳው ደግሞ ከሁሉም በላይ ልምድ ያለው መሆን አለበት። የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ መፍቻና ፋሻ እሱ ጋ ነው። ከእሱ ኋላ ማንም መቅረት የለበትም።

ስንቁ ላይ አገሩ ጥሩ መልስ አለው። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ከትንሽ ጨው ወይም ስኳር ጋር በኮዳ ይያዛል፤ ሆድ አይከብድም፣ በቶሎ ጉልበት ይሆናል። ሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆራረጠ አምባሻ ይጨመራል። የሚበላው ከመራብ በፊት ነው፤ ከተራቡ በኋላ የሚበላው ምግብ ሥራ እስኪጀምር እግሩ ዝሏል። ቀኑን ሲመርጡ ጾሙንም ማሰብ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከረጅም ጉዞ ጋር አይስማማም፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት መቅመስ ስላለ ይሻላል፤ እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ካሉም መነሻው ከዚያ በኋላ ይሆናል። ረመዳን ሲሆን ጉዞውን ማሳጠር ወይም ወደ ሌላ ሳምንት ማዛወር ነው። አንድ ሰው እየጾመ ሌላው ፊቱ ኮዳ የሚያነሳበት ቡድን ብዙ አይቆይም።

ብስክሌት ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ወርቅ ያመጣው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ሩጫው አደገ፣ ብስክሌቱ ከመንገዱ ላይ በመኪና ተገፋ። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ የሚያህለው ዛሬም በእግር ነው፤ በብስክሌት የሚደረገው ከመቶ አንድ አይሞላም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎችን ከመኪና ነጻ ሲያደርግ ልጆች ተከራይተው የሚነዱትን ብስክሌት ያየ ሰው ፍላጎት እንዳልጠፋ ያውቃል። የጎደለው መንገድ ነው። አሁን የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ጥሩ ጅምር ናቸው፤ ግን መስመር የሚጠቅመው ሳይቋረጥ ከቤት በር አጠገብ ሲደርስ ነው። ከመኪና ጋር መጋፋቱን የሚፈሩ ሴቶችና ታዳጊዎች በቡድን ሲሆኑ የሚወጡት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቡድኑ ላልተሠራው መንገድ ምትክ ሆኗል፤ ከተማው ይህን ሸክም ለሰዎቹ ትቶላቸው መቅረት የለበትም።

የቀበናው ጉዞ ሲያልቅ ቡድኑ እንደገና የሚሰበሰበው መገናኛ ላይ ነው። እስከ ኮተቤ ያለው ዳገት የሚቀረው እዚህ ስለሆነ፣ የቀኑ ዋና ውሳኔም እዚህ ይወሰናል። የደከመው ሰው ብዙውን ጊዜ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው፤ ሸክም መሆን አይፈልግም። ትልልቆቹ «የለም ወንድሜ፣ አንተ ፊት ሁን፤ እኛ እንከተልሃለን» ይሉታል። ሲነሱም እሱ ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ይሆናል፤ መሪው ትንፋሹን እየሰማ ፍጥነቱን ይወስናል። ላምበረት ሲደርሱ አንድ ጊዜ ያርፋሉ፤ ያለችው በሶ የእሱ ናት። ጉልበት የተረፋቸው ካራ ድረስ ወጥተው መመለስ ይችላሉ፤ ግን የመጨረሻው ሰው ኮተቤ ከገባ በኋላ ነው።